ሌሊት ለተረኛ ሐኪም ስትደውዪ

እህቴ፣ ጥያቄሽን ደግሜ አነበብኩት። ደቡብ ወሎ ውስጥ አንድ የመጀመሪያ ደረጃ ሆስፒታል በነርስነት ከተመደብሽ ዓመት አልሞላሽም። ሌሊት ስትደውዪ ተረኛው «እስኪ ተከታተያት» ብሎ ይዘጋብሻል። ጠዋት ደግሞ «ለምን ቀድመሽ አልነገርሽም» ትባያለሽ። አብሽሪ። እኔ ወሊድ ክፍል ብዙ ዓመት ሠርቻለሁ፤ ይህ የሚስተካከል ነገር ነው።

በመጀመሪያ አደዋወልሽን እዪው። እኛ ወሎዬዎች ሰላምታ ሳናደርስ ጉዳይ አንጀምርም። «ዶክተር እንዴት አመሸህ፣ ይቅርታ ቀሰቀስኩህ፣ አንዲት እናት ትንሽ ደክሟት ነው» እንላለን። ጨዋነት ነው፣ እወደዋለሁ። ግን ከእንቅልፉ የተነሳ ሰው «ትንሽ» የሚለውን ሰምቶ ተመልሶ ይተኛል።

ኤስባርን (SBAR)፣ የታካሚን ሁኔታ በአራት ነጥብ ማስተላለፊያውን፣ ኮሌጅ ተምረሽዋል። ከአሜሪካ የባሕር ኃይል ሰርጓጅ መርከቦች ወደ ሕክምና የመጣ ዘዴ ነው፤ የዓለም ጤና ድርጅትም እ.ኤ.አ. በ2007 ለታካሚ ርክክብ መክሮበታል። አሁን ምን ሆነ፣ ቀድሞ ምን ነበር፣ አንቺ ምን ይመስልሻል፣ ምን እንዲደረግ ትፈልጊያለሽ። አብዛኞቻችን የመጀመሪያዎቹን ሁለቱን ተናግረን ዝም እንላለን። ነርስ ለሐኪም «ይህን አድርግ» ማለት ድፍረት ይመስለናል። ድፍረት አይደለም፣ ሥራችን ነው። ለምሳሌ እንዲህ በይ፦

«ዶክተር፣ ከወሊድ ክፍል ነው። ከአንድ ሰዓት በፊት የወለደች እናት እየደማች ነው። የደም ግፊቷ 85 በ50፣ የልብ ምቷ 124። ማህፀን የሚያኮማትረውን ኦክሲቶሲን 10 ዩኒት ወስዳለች። ማህፀኗ ልል ነው፤ ደሙ ከዚያ ይመስለኛል። አሁኑኑ መጥተህ እያት።»

«ብዙ ደም ፈሷታል» ብቻ አትበዪ። ዓይን የደምን መጠን አሳንሶ ይገምታል፤ ስንት ፓድ እንደራሰ ቆጥረሽ ንገሪው።

ሐኪሙ በስልክ ትእዛዝ ከሰጠሽ መድኃኒቱንና መጠኑን መልሰሽ አንብቢለት። በተለይ በእርግዝና የደም ግፊት ለሚመጣ መንቀጥቀጥ የሚሰጠው ማግኒዚየም ሰልፌት ከሆነ። ኔትወርኩ ሲቆራረጥ «አምስት» እና «ስምንት» ይምታታሉ። የደወልሽበትን ሰዓትና የተባልሽውን ወዲያው ካርዱ ላይ ጻፊ። ካልመጣ ድገሚ፤ አሁንም ካልመጣ ከበላዩ ላለው ሐኪም ደውዪ፤ ወደ ደሴ ሪፈር የማድረግ (ወደ ከፍተኛ ሆስፒታል የመላክ) ጉዳይም ቶሎ ይነሳ። ቅር ሊለው ይችላል። ይበለው፤ እናቲቱ ትቅደም።

ስለ አስታማሚዎች አንድ ነገር ልጨምር፤ ብዙ ጊዜ እንረሳቸዋለን። «ዛሬ ልጄ ሌላ ሆናለች» የሚሉ እናት ከሞኒተር ቀድመው ሊያውቁ ይችላሉ። ከከሚሴ አካባቢ የመጡና አፋን ኦሮሞ ብቻ የሚናገሩ ታካሚዎች ሲገቡ ደግሞ ቋንቋውን የሚችል የሥራ ባልደረባ ጥሪ። ትንሽ ልጅ ስለ እናቱ ደም እንዲያስተረጉም አታድርጊ።

ይህን ሁሉ አድርገሽም ያው ከሆነ፣ ለሜትረኗ (ለነርሶች ኃላፊዋ) ስሞታ ብቻ ይዘሽ አትሂጂ። ሰዓቱ የተጻፈበትን ካርድ ይዘሽ ግቢ፤ ከተረኛው ሐኪም ጋር ሦስታችሁ እንድትቀመጡም ጠይቂያት።