ለኮሌጅ ሯጭ ይከፈላል ወይ ላልሽው

ሰላም እህቴ፣ የእህትሽ ልጅ በሩጫ ስኮላርሺፕ አግኝቶ ከአዲስ አበባ ወደ አሜሪካ ሊመጣ መሆኑን አነበብኩ። እንኳን ደስ አላችሁ! «ለተማሪ ስፖርተኞች መክፈል ተጀምሯል የሚባለው እውነት ነው? ተገቢስ ነው?» ብለሻል። የወንድሜ ልጅ በዚሁ መንገድ ስለመጣ የማውቀውን ልንገርሽ።

1. ተገቢ ነው፤ ከፈለግሽ እስኪነጋ እከራከርልሻለሁ። ትልልቆቹ ዩኒቨርሲቲዎች ከቴሌቪዥን መብትና ከትኬት ሚሊዮኖች ሲያፍሱ፣ የአሰልጣኙ ደመወዝ ከዩኒቨርሲቲው ፕሬዚዳንት ሲበልጥ፣ ልጁ ብቻ «አንተ ተማሪ ነህ» ይባል ነበር። በፈረንጆቹ 2021 በስማቸውና በምስላቸው ማስታወቂያ መሥራት ተፈቀደላቸው። በ2025 ደግሞ ፍርድ ቤት ያጸደቀው ስምምነት ዩኒቨርሲቲው ራሱ እንዲከፍል ፈቀደ። የመጀመሪያው ዓመት ጣሪያ ለአንድ ዩኒቨርሲቲ 20.5 ሚሊዮን ዶላር ገደማ ነው።

2. ይህን ሰምታችሁ ግን እንዳትጓጉ። ገንዘቡ በብዛት የሚሄደው ወደ አሜሪካን ፉትቦልና ቅርጫት ኳስ ነው። ለሯጭ የሚደርሰው ፍርፋሪ ነው። ጭራሽ ስምምነቱ ውስጥ የገቡ ዩኒቨርሲቲዎች በአንድ ቡድን የሚይዙት ሰው ተገድቧል፤ ለአገር አቋራጭ 17 ነው። አሰልጣኙን «ቦታው እርግጠኛ ነው?» በሉት።

3. ቪዛ! ኤፍ ዋን በሚባለው የተማሪ ቪዛ ላይ ያለ ልጅ ያለ ፈቃድ ከግቢ ውጭ መሥራት አይችልም። የእኛ ልጅ አንድ ውድድር ሲያሸንፍ፣ የሐበሻ ምግብ ቤት ያላቸው አንድ ጨዋ ሰው ክትፎ ሲበላ ለቲክቶክ ሊቀርጹት፣ 500 ዶላርም ሊሰጡት ፈለጉ። የስፖርት ክፍሉ ሰውዬ «ምንም ችግር የለም፣ ፈርም» አለው። እኔ ግን ጠርጣራ ነኝ። ይዤው የውጭ ተማሪዎች ቢሮ ሄድኩ። ሴትዮዋ ዓይኗን ከኮምፒውተሩ ሳታነሳ «እኛ ምክር አንሰጥም፣ ጠበቃ ያዙ» አለችን። ለ500 ዶላር ጠበቃ! «እሺ፣ አይቻልም ብለሽ ጻፊልን» አልኳት። እሱንም አልጽፍም አለች። ልጁ አንገቱን ደፍቶ ቆሟል። ከቢሮዋ በር ፊት ለፊት የተሰቀለው ትልቁ ፖስተር ላይ ያለው ማን እንደሆነ ታውቂያለሽ? እሱ! በፎቶው ዩኒቨርሲቲው አዲስ ተማሪ ይጠራበታል፣ እሱ ግን ክትፎ በልቶ መከፈል አይችልም። አብሮት የሚኖረው አሜሪካዊ፣ ሁሌ ከኋላው የሚገባው፣ የስፖርት መጠጥ እያስተዋወቀ ኪሱን ይሞላል።

አላስፈረምኩትም። ለ500 ዶላር ቪዛ አይነካም። የኬንታኪ ዩኒቨርሲቲው ኮንጎአዊ ቅርጫት ኳስ ተጫዋች ኦስካር ሺብዌ በ2022 ቡድኑ ባሃማስ ሲሄድ ማስታወቂያውን እዚያው፣ ከአሜሪካ ውጭ ነበር የሠራው። እናንተም ከተቻለ ክረምት ላይ አገር ቤት ሲሄድ የሚሠራበትን መንገድ ጠበቃ ጠይቁ። ዩኒቨርሲቲው በቀጥታ እከፍላለሁ ካለም ያው ነው፤ «ቪዛውን አይነካም» የሚል ጽሑፍ ሳትይዙ እንዳይፈርም። የቃል «ችግር የለም» የትም አያደርስም።

4. ግብር። ይሄንን ማንም አይነግርሽም። ስኮላርሺፑ ለመኝታና ለምግብ የሚሸፍነው ገንዘብ እንደ ገቢ ይቆጠራል፤ ለኤፍ ዋን ተማሪ አብዛኛውን ጊዜ 14 በመቶ ይቆረጥበታል። ኢትዮጵያ ከአሜሪካ ጋር የግብር ስምምነት ስለሌላት በዚያ በኩልም ማምለጫ የለም። የስኮላርሺፕ ደብዳቤው ላይ የትምህርት ክፍያውና የመኝታው ተለያይተው መጻፋቸውን ከመፈረሙ በፊት እዩ። ካልገባሽ ስሙን ሸፍነሽ በውስጥ መስመር ላኪልኝ፣ አብረን እናየዋለን።