መንዙማው ተፈቅዷል፤ ድምፁስ?

ጥያቄ፦ ከጓደኞቼ ጋር ደሴ ውስጥ ስለ ወሎ የኮምፒውተር ጨዋታ እየሠራን ነው። አንድ ሼህ ሁለት መንዙማ አዚመውልን ቀረጽን፤ ከፈልናቸው። የፈረሙት ወረቀት «ድምፁን ለጨዋታው መጠቀም ይቻላል» ይላል። አሁን በሰው ሠራሽ አስተውሎት ድምፃቸውን አስመስለን አዲስ ንግግር ልናናግረው አስበናል። ያስጠይቀናል?

መልስ፦ ሊያስጠይቃችሁ ይችላል። ባያስጠይቅ እንኳ እሳቸው ሳያውቁ ልታደርጉት አይገባም።

በቅጅና ተዛማጅ መብቶች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 410/1996 ክዋኔው እንዲቀረጽና እንዲባዛ የመፍቀድ መብት የከዋኙ፣ እዚህ ላይ የሼሁ፣ ነው። አዋጁ ድምፅ አስመስሎ ስለሚፈጥር ማሽን በግልጽ ስለማይናገር ክርክሩ የሚያርፈው በወረቀታችሁ ላይ ነው። የፍትሐ ብሔር ሕግ ቁጥር 1732 ደግሞ ውል በቅን ልቦና፣ በተዋዋዮች መካከል ሊኖር በሚገባው መተማመን እንዲተረጎም ያዛል። ሼሁ ሲፈርሙ ያሰቡት ያዜሙትን ነው፤ ያላሉትን እንዲሉ ይደረጋል ብለው አይደለም። የግል ዳታ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016ም ፈቃድ ለታወቀ ዓላማ እንዲሰጥ ይፈልጋል።

ከሕጉ ይልቅ የሚያሳስበኝ ሌላው ነው። በወሎ ሼህና አበጋር፣ ማለትም አስታራቂ ሽማግሌ፣ በቃላቸው ደም ያደርቃሉ፤ የተጋደሉ ወገኖችን ያስታርቃሉ። በሐድራ፣ በዱዓና በመንዙማ ስብሰባ፣ ላይ ድምፃቸውን የለየ ሰው ያንኑ ድምፅ በጨዋታው ውስጥ ጦር ሲያዘምት ቢሰማ፣ እሳቸው ያሉት ይመስለዋል። ቅንጣቢው በስልክ ከተሠራጨ በኋላ ማን ያስተባብላል? ለሃይማኖት አባት ይህ የክብር ጉዳት በገንዘብ አይካስም።

ስለዚህ ተመልሳችሁ ሂዱ። ነገሩን በቃል ብቻ ብታስረዱ ላይታያቸው ይችላል፤ ከመካከላችሁ የአንዳችሁን ድምፅ አስመስሎ የተሠራ ናሙና አሰሟቸው። ከተስማሙ አዲስ ውል በጽሑፍ አድርጉ፤ የትኛው ንግግር፣ እስከ መቼ፣ በስንት ክፍያ እንደሆነ ይስፈር፤ እያንዳንዱን ዓረፍተ ነገር አስቀድመው ሰምተው የመከልከል መብትም ይኑራቸው። የአሜሪካ የቪዲዮ ጨዋታ ድምፅ ተዋንያን እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ2024 ሥራ ያቆሙት በዋናነት ለዚህ ዓይነቱ ፈቃድና ክፍያ ነበር። እምቢ ካሉ ግን አትለምኗቸው፤ ለንግግሩ ሌላ ተዋናይ ቅጠሩ።

ጨዋታውን በስቲም፣ የኮምፒውተር ጨዋታዎች በሚሸጡበት የኢንተርኔት መደብር፣ ልትሸጡ ካሰባችሁ፣ በሰው ሠራሽ አስተውሎት የተሠራ ይዘት ካለው እንድታሳውቁ ትጠየቃላችሁ። የመጀመሪያውን ወረቀት አትጣሉት፤ ለሁለቱ መንዙማዎች አሁንም ያገለግላችኋል።