ሄድፎኑን ከመውቀሳችሁ በፊት ቮልዩሙን እዩ

ልጆቼ፣

በቀደም አንድ የሰፈር ልጅ አዲስ የገዛውን ሄድፎን ይዞ ቤቴ መጣ። «ጋሼ፣ ይሄ ነገር ቤዝ የለውም። ተሸወድኩ መሰለኝ» አለኝ። ቤዝ የሚለው ወፍራሙን የዘፈኑን ድምፅ ነው። ተቀብዬ አደረግኩት። ዘፈኑ በጣም ዝቅ ብሎ ነው የሚሰማው። ቤት ውስጥ ሲጠሩት እንዲሰማ ብሎ እንደዚያ ለምዷል። ቮልዩሙን ጥቂት ከፍ አድርጌ መለስኩለት። ፊቱ በራ። «ምን አደረጉት?» አለ። ምንም አላደረግኩትም። ሄድፎኑም ዘፈኑም ያው ነው። የተለወጠው ጆሮው የሚሰማበት መንገድ ነው።

ከ30 ዓመት በላይ ድምፅ ስቀዳና ሚክስ ሳደርግ (የተቀዱትን ድምፆች ሳመዛዝን) ኖሬያለሁ። ይህን ነገር በወጣትነቴ ቁጭ አድርጎ ያስረዳኝ ሰው አልነበረም። ለዚህ ነው ዛሬ የምጽፍላችሁ።

ጆሯችን ወፍራሙንና ቀጭኑን ድምፅ እኩል አይሰማም። እ.ኤ.አ. በ1933 ፍሌቸርና መንሰን የተባሉ የአሜሪካው ቤል ላብራቶሪ ተመራማሪዎች ይህን ለክተው አሳዩ። ለሰዎች በጆሮ ማዳመጫ የተለያዩ ድምፆችን እያሰሙ የትኛው ከየትኛው እኩል እንደሚጮህ ጠየቁ። ከዚያ ወዲህ ልኬቱ ብዙ ጊዜ ተሻሽሏል፤ ነገሩ ግን አልተለወጠም። ሄርዝ የድምፁን ውፍረትና ቅጥነት ይለካል፤ ቁጥሩ ሲያንስ ድምፁ ይወፍራል። ዴሲቤል ደግሞ የድምፁን ኃይል ይለካል። በዛሬው ዓለም አቀፍ መለኪያ አንድ የ1000 ሄርዝ ድምፅ በ40 ዴሲቤል ቢሰማ፣ 100 ሄርዝ የሆነው የቤዝ ድምፅ ከእሱ እኩል እንዲሰማን ወደ 64 ዴሲቤል መድረስ አለበት። የ24 ዴሲቤል ልዩነት ማለት በኃይል ሲሰላ 250 እጥፍ ገደማ ነው። የመጀመሪያው ድምፅ ወደ 80 ዴሲቤል ሲወጣ ግን ልዩነቱ ወደ 12 ዴሲቤል ይወርዳል።

እንግዲህ አስቡት። ዝቅ አድርጋችሁ ስትሰሙ መጀመሪያ የሚጠፋው ቤዙ ነው። ከፍ ስታደርጉ ቤዙ ከሌላው ሁሉ በበለጠ ፍጥነት ይመጣል። አንዱ ሰው «ቀጭን ነው» ሲል ሌላው «ይደበድባል» የሚለው ሄድፎን አንድ ዓይነት ሊሆን ይችላል። የድሮ ቴፖችና አምፕሊፋየሮች ላይ «ላውድነስ» የሚል ቁልፍ የነበረው ለዚህ ነበር። ዝቅ አድርጎ ለሚሰማ ሰው የጠፋውን ቤዝ ይመልስለታል።

እኔ ይህን የተማርኩት ሥራ አበላሽቼ ነው። አንድ ሌሊት ብቻዬን ስቱዲዮ ውስጥ ሄድፎን አድርጌ አንድ ዘፈን ሚክስ ሳደርግ አደርኩ። እየደከመኝ ሲሄድ ድምፁን እጨምራለሁ። ከበሮውና ቤዝ ጊታሩ ጭንቅላቴን ሞሉት። በዛ ብዬ ቀነስኩት። ደግሜ ቀነስኩት። ጠዋት ካሴቱን ይዘን ታክሲ ውስጥ ከፈትነው። ከበሮው የለም። ቤዙ የለም። የዘፋኙ ድምፅ ብቻ ተንጠልጥሎ ቀርቷል። ዘፋኙ ምንም አልተናገረኝም፤ ዝም ብሎ በመስኮት ወደ ውጭ አየ። ያ ዝምታ እስከ ዛሬ አብሮኝ አለ። ሥራውን እንደገና ሠራሁለት፤ ያን ጊዜ ግን ሌላ ሰው ሲያወራኝ በምሰማበት መጠን አድርጌ ነው።

ሄድፎን ልትገዙ ስትሄዱም ይኸው ወጥመድ አለ። መርካቶ አንዱ ሱቅ ገብታችሁ ሁለት ሄድፎን ታወዳድራላችሁ እንበል። የስልኩ ቮልዩም አንድ ቦታ ነው። ነገር ግን በተመሳሳይ ቮልዩም አንዱ ከሌላው ይበልጥ ይጮሃል፤ አሠራራቸው ይለያያልና። በትንሹም ቢሆን ከፍ ብሎ የጮኸው ብዙ ጊዜ ያሸንፋል። ጆሮ «ይሄ ጮኸ» አይልም፣ «ይሄ ጥርት አለ» ነው የሚለው። ስለዚህ በአንድ ዘፈን ሞክሩ። የዘፋኙ ድምፅ በሁለቱም ላይ እኩል እስኪሰማችሁ ቮልዩሙን አስተካክሉ። ከዚያ በኋላ ነው ቤዙንና ጥራቱን የምትፈርዱት። ሻጩ ቢቸኩልም እናንተ አትቸኩሉ፤ ገንዘቡ የእናንተ ነው።

በጣም ከፍ ማድረግም የራሱ ጣጣ አለው። ሄድፎን ውስጥ ያለችው ቀጭን ሽፋን ብዙ እንድትንቀሳቀስ ስትገደድ ድምፁን ታበላሻለች። ስልክ ላይ ቤዙን በኢኳላይዘር (ወፍራሙንና ቀጭኑን ድምፅ ለየብቻ በሚያስተካክለው) ጨምራችሁ ቮልዩሙንም እስከ ጫፍ ከወሰዳችሁት ድምፁ ይቀደዳል። ቤዝ ከፈለጋችሁ ሌላውን ቀንሱ እንጂ ቤዙን አትቆልሉት። አንዳንድ ትንንሽ ብሉቱዝ ኤርፎኖች ደግሞ ከፍ ስታደርጓቸው እንዳይጎዱ ራሳቸው ቤዙን ይቀንሳሉ።

እኔ ሄድፎን የምፈትነው በበገና ነው። አሥሩ አውታሮች ሥር እንዝራ የሚባሉ ትንንሽ ቆዳዎች አሉ፤ ያ የታወቀው ንዝረት የሚመጣው ከእነሱ ነው። ድምፁን በጣም ዝቅ ካደረጋችሁት የበገናው ሆድ ይጠፋና ንዝረቱ ብቻ ይቀራል፤ ጠርሙስ ውስጥ የገባ ዝንብ ይመስላል። በጣም ከፍ ካደረጋችሁት ንዝረቱ ጆሮ ይወጋል፣ የደርዳሪው ትንፋሽም ከልክ በላይ ይገዝፋል። በመካከል ግን አንድ ቦታ አለ። እዚያ ስትደርሱ ሰውዬው ፊት ለፊታችሁ ተቀምጦ የሚደረድር ይመስላችኋል። በገና በተፈጥሮው አይጮህም። ክፍል ውስጥ ሲደረደር ምን ያህል እንደሚሰማ የሚያውቅ ሰው ያን ቦታ ቶሎ ያገኘዋል። ስለዚህ በዓቢይ ጾም የሚደረደርበት ቦታ ካገኛችሁ ሄዳችሁ በባዶ ጆሮ ስሙ።

ሚኒባስ ውስጥ ግን ይህ አይሠራም። የሞተሩ ጉርምርምታ ወፍራም ድምፅ ስለሆነ ቤዙን ይውጠዋል፤ እናንተም ሳታውቁት ቮልዩሙን ትገፉታላችሁ። ከመግፋታችሁ በፊት የኤርፎኑን ጎማ እዩ። ከጆሯችሁ ጋር ካልገጠመ ቤዙ በዚያ ይወጣል። ሳጥኑ ውስጥ የመጡትን ሌሎች መጠኖች ሞክሩ። አቅሙ ካላችሁ የውጭ ድምፅ የሚያጠፋውን ዓይነት ግዙ፤ እንዲህ ያለው ጉርምርምታ ላይ በጣም ጎበዝ ነው።

አሁን በጣም የሚያሳስበኝን ልንገራችሁ። የዓለም ጤና ድርጅት ለአዋቂ ሰው የሚመክረው 80 ዴሲቤል በሳምንት 40 ሰዓት ነው። ሦስት ዴሲቤል በጨመራችሁ ቁጥር ሰዓቱ በግማሽ ይቀንሳል። 90 ላይ 4 ሰዓት ይሆናል። 100 ላይ በሳምንት 20 ደቂቃ ብቻ ነው። በእያንዳንዱ ጆሮ ውስጥ ድምፅ የሚቀበሉት ጥቃቅን ፀጉራማ ህዋሳት ወደ 15,000 ገደማ ናቸው። አንዴ ከሞቱ አይተኩም። የእኔ ግራ ጆሮ ሌሊት ሌሊት ያፏጫል፤ ዓመታት ሆኖታል። የመሲንቆን በጣም ቀጭኑን ድምፅ ስፈትሽ አብሮኝ የሚሠራውን ወጣት «አለ ወይ?» ብዬ እጠይቀዋለሁ። እሱ የሚሰማውን እኔ አልሰማም። ከሄድፎን ወጥታችሁ ጆሯችሁ ድፍን ካለ ወይም ካፏጨ፣ የዚያን ቀን ማዳመጥ በቃ። ድፍንቱ ወይም ፉጨቱ ካልለቀቃችሁ ሐኪም ጋ ሂዱ።

ዛሬ ማታ ቤቱ ጸጥ ሲል ሞክሩት። ቮልዩሙን እስከ ታች አውርዱ። የምትወዱትን ዘፈን ክፈቱና ከታች ወደ ላይ ቀስ እያላችሁ ጨምሩ። ከላይ ወደ ታች ከመጣችሁ ጆሯችሁ ጩኸቱን ስለለመደ ሁሉም ያንሳችኋል። ቤዙ መጥቶ ከዘፋኙ ሥር ሲቀመጥ እዚያ ላይ አቁሙ። ያ የሰፈሬ ልጅ እኔው ጋ ተቀምጦ ሞከረው። ከግማሽ ትንሽ ዝቅ ብሎ ቆመ፣ ሄድፎኑንም ወደ ሱቁ አልመለሰውም።