ከአሜሪካ ይምጣልኝ ወይስ እዚሁ ልግዛ?

ጥያቄ፦ «ቤቴ አዘዞ ነው፤ የማስተምረው ግን ከዳባት ወጣ ብሎ ባለ የገጠር ትምህርት ቤት ነው። ሁለት ቁጥር አለኝ፤ አንዱ በ09፣ ሌላው በ07 ይጀምራል። አክስቴ ከአሜሪካ አይፎን 14 ልትልክልኝ ነው። ልቀበላት ወይስ ገንዘቡን ልካልኝ ጎንደር ልግዛ?»

እህቴ፣ ገንዘቡ ይሻልሻል።

ለአሜሪካ ገበያ የተሠራው አይፎን 14 የሲም ማስገቢያ ጭራሽ የለውም፤ በኢ-ሲም (ካርድ ሳይኖረው ስልኩ ውስጥ በሚጫን ሲም) ብቻ ነው የሚሠራው። አሁን ያሉሽን ሁለቱን ካርዶች የምትከቺበት ቦታ አታገኚም። ገጠር ላይ ደግሞ ስልክሽ ቢሞት ሲሙን ነቅለሽ የባልደረባሽ ስልክ ላይ አድርገሽ ትደውያለሽ፤ በኢ-ሲም ይህ የለም።

ሌላው ጣጣ ቁልፉ ነው። እዚያ በወር በወር ክፍያ የተገዛ ስልክ ብዙ ጊዜ ዕዳው እስኪያልቅ ከሸጠው ድርጅት ኔትወርክ ጋር ተቆልፎ ይቆያል። ፒያሳ እኔ ስልክ ጥገና ቤት «ዲኮድ አድርግልኝ» (ቁልፉን ክፈትልኝ) እያሉ ይዘው ከሚመጡት ውስጥ ብዙዎቹን ባዶ እጄን ነው የምመልሳቸው። ከሲሙ ጋር አብሮ የሚገባ ስስ ቺፕ አለ፤ ይከፍታል፣ ስልኩ ሶፍትዌሩን ሲያድስ ግን ተመልሶ ሊዘጋ ይችላል። እኔ ለማንም አልመክረውም። አክስትሽ ስልክ ካልላክሁ ካለች 13 ወይም ከዚያ በፊት የወጣ ትፈልግ፤ አንድ ሲም ይቀበላል። ከመክፈሏ በፊት ሴቲንግ፣ ጄኔራል፣ አባውት ገብታ «ካሪየር ሎክ» ከሚለው ጎን «ኖ ሲም ሪስትሪክሽንስ» መባሉን ታረጋግጥ።

እዚህ ከገዛሽ መጀመሪያ ኔትወርኩን ፈትሺ። ሁለቱንም ካርድ ትምህርት ቤትሽ ግቢ ውስጥ፣ ከዚያም የምታድሪበት ቤት ውስጥ ሞክሪያቸው። ኔትወርክ በተለያየ ሞገድ ነው የሚመጣው፤ የ900 ሜጋኸርዝ ሞገድ ከ1800ው ይልቅ ርቆ ይሄዳል፣ ግድግዳም በተሻለ ያልፋል፤ ሁለቱም ግን ተራራ ጀርባ ይቸገራሉ። አንዱ ካርድ ብቻ ከያዘ ኢንተርኔትሽን በእሱ አድርጊው፤ ሌላው ለጎንደር ይሁን። ፎርጂ ራሱ ለማይደርስበት ቦታ ለፋይቭጂ ተጨማሪ ብር አትክፈይ።

ካርቶን ላይ የሚጻፈው ራም (ስልኩ ሲሠራ የሚጠቀምበት ጊዜያዊ ማስታወሻ) ብዙ ሰው ያታልላል። «16 ጊጋ» ይልሻል፤ ጠጋ ብለሽ ስታነቢ «8+8» ነው። እውነተኛው 8 ብቻ ነው፤ የቀረው ከማከማቻው ተበድሮ የሚሠራ፣ ፍጥነቱም ከእውነተኛው ራም እጅግ ያነሰ ነው። ሻጩ ሲያሞግሰው ዝም ብለሽ ከመደመር ምልክቱ በፊት ያለውን ቁጥር ተመልከቺ።

ላንቺ 5000 ሚሊአምፒር-ሰዓት ባትሪ ያለው፣ ሁለት ሲም የሚወስድ ሳምሰንግ ኤ ወይም ቴክኖ ይበቃሻል። የእነዚህ ስክሪን ጎንደር ውስጥ አይጠፋም፤ እንደ ባለሙያ ይህ ከካሜራው ይበልጥብኛል። የሲም ማስገቢያውን ግን አውጥተሽ እይው፤ አንዳንዱ ሁለተኛውን ሲም ከሚሞሪ ካርድ ጋር በአንድ ቦታ ያጋራዋል፤ አንዱን መተው ግድ ይሆንብሻል።

ሱቁ ውስጥ ሳለሽ ሁለቱንም ሲም ከተሽ ከየአንዱ ደውይ። *#06# ስትጫኚ ሁለት ባለ 15 አሃዝ የስልኩ መለያ ቁጥሮች ይመጣሉ፤ ካርቶኑ ላይ ካሉት ጋር ካልገጠሙ ብርሽን አታውጪ።