ስለ ዩኒቨርሲቲ መግቢያ ጠይቁኝ

አንድ የመንግሥት ዩኒቨርሲቲ ውስጥ ፊዚክስ አስተምራለሁ። የመግቢያ ነጥብ ላልሞላላቸው የሚሰጠውን የማካካሻ ትምህርት፣ ሬሜዲያልንም አስተምሬያለሁ። ስለ መግቢያ ነጥብና ፈተና የከነከናችሁን ጠይቁ።

ጥያቄ፦ መምህር፣ የ12ኛ ክፍል ፈተና ማለፊያው 50 በመቶ ለምን አይቀነስም? ልጆቹን እኮ ፈጃቸው!

መልስ፦ ፈጃቸው ወይስ ገበናችንን አወጣው? የ2014 ዓ.ም. ፈተና ወደ ዩኒቨርሲቲ ግቢ ሲገባ ግማሹን ያመጡት 3.3 በመቶ ብቻ ነበሩ። ከዚያ በፊትማ ፈተናው በቴሌግራም ይዞር ነበር። በ2017 ዓ.ም. 8.4 በመቶ ደርሰናል። አሁንም ያሳዝናል። ግን ነጥቡን ብናወርደው ችግሩ ወደ እኔ ክፍል ይዛወራል እንጂ አይጠፋም።

ጥያቄ፦ ሬሜዲያል ለውጥ ያመጣል?

መልስ፦ ለአንዳንዱ። አንድ ልጅ ቀመሩን አንድ በአንድ በቃሉ ይዞታል። ፈተና ላይ ግን ባዶ ወረቀት ሰጠኝ። ቢሮ ጠርቼ ያንኑ ጥያቄ በአማርኛ ስነግረው ቆሞ ሠራው። የከበደው ፊዚክሱ ሳይሆን እንግሊዝኛው ነበር። በአራት ወር ይህን ማካካስ ከባድ ነው።

ጥያቄ፦ አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የራሱን መግቢያ ፈተና ለምን አመጣ?

መልስ፦ ራስ ገዝ ስለሆነ። ድሮ ተማሪው ምርጫውን ይሞላል፣ ሚኒስቴሩ ይመድባል፣ ዩኒቨርሲቲው የተላከለትን ይቀበላል። አሁን ራሱ ይመርጣል። የአዲስ አበባና የአዳማ ሳይንስና ቴክኖሎጂ ዩኒቨርሲቲዎች ቀድመውት ይፈትኑ ነበር።

ጥያቄ፦ እና ፈተና ማክበድ ጎበዝ ተማሪ ይስባል?

መልስ፦ ብቻውን አይስብም። ጎበዝ ልጅ መጀመሪያ የሚጠይቀው እዚያ የሚማር ዘመዱን ነው። ላብራቶሪ ውስጥ ዕቃው ይሠራል? መምህሩ ክፍል ይገባል? ከ2015 ዓ.ም. ወዲህ ደግሞ ተመራቂዎች የሚወስዱት የመውጫ ፈተና አለ። በመጀመሪያው ዙር ያለፉት 40 በመቶ ገደማ ነበሩ። ወላጅ አሁን የትኛው ግቢ ስንት እንዳሳለፈ ያሰላል። ለኔ ከማንኛውም ማስታወቂያ ይህ ይበልጣል።

ጥያቄ፦ ኤ የማይሰጡ መምህራንስ? ደረጃ መጠበቅ ነው ይላሉ።

መልስ፦ ስንፍና ነው። የፈተና ወረቀት አርሞ ሳይመልስ ኤ የሚነፍግ መምህር ምኑን ጠበቀ?

ጥያቄ፦ ከ600 299 አመጣሁ። ምን ይሻለኛል?

መልስ፦ አይዞሽ እህቴ። ስህተት አለ ካልሽ ቅሬታ ማቅረቢያው ሳይዘጋ አስገቢ። «በብር አስተካክልልሻለሁ» የሚልሽን ብሎክ አድርጊው። ካልሆነም ሬሜዲያል ከደረሰሽ ግቢ። እንግሊዝኛውን ግን ከዛሬ ጀምሪ።