ታጉ ይቆይ፣ መጀመሪያ ስፒናውን ንቀለው

ወንድሜ፣ ጥያቄህን ሁለቴ አነበብኩት። ቢሮም ወርክሾፕም ያለው ድርጅት ውስጥ ትሠራለህ። አለቃህ አንድ ጥቅል ታግ (ዕቃው መፈተኑን የሚናገር ተለጣፊ) ገዝቶ «የኤሌክትሪክ ዕቃዎቹን ሁሉ ቼክ አድርገህ ለጥፍባቸው» ብሎሃል። ያለህ መልቲሜትር ብቻ ነው። «ይበቃኛል ወይ? በዓመት አንዴስ ይበቃል?» ነው ጥያቄህ። እኔ ለዓመታት የሠራሁት ሥራ ስለሆነ ያየሁትን ላካፍልህ።

መልቲሜትሩ አይበቃም። ግን አትደንግጥ፣ የሥራው ትልቁ ክፍል መሣሪያ አይፈልግም። ካገኘኋቸው ብልሽቶች አብዛኞቹን ያገኘሁት በዓይኔና በእጄ ነው። ስፒናውን ንቀልና ገመዱን ከጫፍ እስከ ጫፍ በጣቶችህ መሃል አሳልፈው። የተሰነጠቀም ሆነ የወንበር እግር የጨፈለቀው ቦታ ካለ ይታወቅሃል። ገመዱ ስፒናው ውስጥ የሚገባበትንና ከዕቃው የሚወጣበትን ቦታ ደግሞ አጥብቀህ እይ፣ ብዙ ጊዜ የሚላጠው እዚያ ነው። ስፒናው የሚፈታ ከሆነ ካቻቢቴ አምጣና ክፈተው። የላላ ብሎን፣ የጠቆረ ፕላስቲክ፣ ከቦታው የወጣ የኧርዝ ሽቦ (ያመለጠ ከረንት ወደ መሬት የሚወስደው) ያገኘሁት እዚያ ውስጥ ነው። ናስትሮ የተጠቀለለበት ገመድ ካየህ ከማንም ጋር አትከራከር፣ ከሥራ አውጣው።

አሁን ወደ መልቲሜትሩ። የብረት አካል ያለው ዕቃ ሰው እንዳይዝ የሚያደርገው ኧርዙ ነው። ፌዙ (ኤሌክትሪክ ያለበት ሽቦ) አካሉን ከነካ ኧርዙ ከረንቱን ይወስድና ፊውዙ ይቃጠላል ወይም ብሬከሩ ይወድቃል። እንግዲህ ክሮቹ ተበጣጥሰው በአንዲት ቀጭን ክር ብቻ የቀረ ኧርዝ አለ እንበል። መልቲሜትር የሚልከው ከረንት ኢምንት ስለሆነ «ደህና ነው» ይልሃል። ለዚሁ ሥራ የተሠሩት ቴስተሮች ግን አንዳንዶቹ እስከ 25 አምፒር ይልካሉ። ያኔ ያቺ ክር ጉዷ ይወጣል። ኢንሱሌሽኑም (ከረንት እንዳያመልጥ የሚከላከለው ልባስ) እንደዚያው ነው። በመልቲሜትር ባትሪ ጉልበት ዝም ያለ ኢንሱሌሽን በመስመሩ ቮልቴጅ ሊያፈስ ይችላል። ለዚህ ነው በተለምዶ በ500 ቮልት ዲሲ የሚፈተነውና ቢያንስ 1 ሜጋ ኦም ሬዚስታንስ (ከረንት የመከላከል አቅም) የሚጠበቅበት። ሳጥን ውስጥ ሳጥን የሚመስል ምልክት ያለበት ዕቃ ድርብ ኢንሱሌሽን ያለው ነው፣ እሱ ላይ ኧርዝ ስትፈልግ አትዋል። የቮልቴጅ መከላከያ ያለው ዲቫይደር ደግሞ በ500 ቮልት ስትፈትነው ደህና ሆኖ ሳለ ሊወድቅብህ ስለሚችል ወደ 250 አውርደው።

ጀማሪ ሳለሁ የሠራሁትን ጥፋት ልንገርህ። የክፍል ማሞቂያ ነበር። ቴስተሩ ላይ ሰካሁት፣ 500 ቮልት ሰጠሁት፣ ያነበብኩት ቁጥር የሚያኮራ ነበር። ታጉን ለጠፍኩና ወደሚቀጥለው ዕቃ አለፍኩ። ሳምንት ሳይሞላ ተጠራሁ። ማሞቂያውን ባበሩት ቁጥር የ30 ሚሊ አምፒሩ መከላከያ ብሬከር (ከረንት ወደ ኧርዝ ሲያፈስ መስመሩን የሚቆርጠው) ይወድቃል፣ የኔ ታግ ደግሞ «አልፏል» እያለ ላዩ ላይ አለ! ለካ ስፈትነው ማብሪያው ጠፍቶ ነበር። የፈተንኩት ገመዱን እስከ ማብሪያው ድረስ ብቻ ነው፣ እርጥበት የገባበት ኤለመንት ጋ ምንም አልደረሰም። ከዚያ ወዲህ የቴስተሩን ቁልፍ ከመጫኔ በፊት እጄ ሳላስበው ወደ ማብሪያው ይሄዳል። አንዳንድ ዕቃ ደግሞ ማብሪያው ኤሌክትሮኒክ ስለሆነ የመስመር ኤሌክትሪክ ካላገኘ በስተቀር አይበራም። የዚያ ዓይነቱን እያሠራህ ወደ ኧርዝ የሚያፈሰውን ከረንት መለካት አለብህ።

ኤክስቴንሽኖችን እንደ ዕቃ ቁጠራቸው። ብዙ ሰው ድሪሉን ይፈትንና ድሪሉ የተሰካበትን ገመድ ይረሳዋል። ፌዝና ኒውትራሉ (ከረንቱ የሚመለስበት ሽቦ) አለመቀያየራቸውንም እይ። ከተቀያየሩ ማብሪያውን ብታጠፋም ዕቃው ውስጥ ፌዝ ይቀራል። በጥቅል የሚመጣው ረጅም ገመድ ሳይፈታ ከባድ ነገር ከተሰካበት ደግሞ እርስ በርሱ ተጋግሎ ይቀልጣል። አንድ ዳቦ መስሎ የተጣበቀ ጥቅል በእጄ ይዤ አውቃለሁ።

በየስንት ጊዜው ላልከው፣ መጀመሪያ የአገርህ ደንብ የሚለውን እይ። ከዚያ ውጪ ግን ለሁሉም አንድ ቀን መቁረጥ ለኔ ስንፍና ነው። አቧራና ውሃ መሃል የሚጎተት ግራይንደር ዓመት እስኪሞላው ሊገድል ይችላል፣ ጠረጴዛ ላይ የተቀመጠ ሞኒተር ደግሞ በዓመትም ምንም አይሆንም። ግራይንደሩን በየሦስት ወሩ ብታየው አይበዛበትም።

ታጉ ላይ የዕቃውን ቁጥር፣ የተፈተነበትን ቀን፣ የፈታኙን ስምና የሚቀጥለውን ቀን ጻፍ። ያነበብከውን ቁጥር ግን መዝገብ ላይ አስፍረው። አምና 200 ሜጋ ኦም የነበረ ዕቃ ዘንድሮ 5 ካሳየ፣ አልፏል፣ ግን ወዴት እየሄደ እንደሆነ ይታይሃል። የወደቀውን ቀይ ታግ ለጥፈህ እዚያው አትተወው፣ ታጉን ገንጥሎ የሚጠቀም ሰው አይጠፋም። ስቶር አስገብተህ ቆልፍበት።

ለአለቃህ የምትለው ይኼ ነው፦ የዓይንና የእጁን ፍተሻ በዚህ ሳምንት ትጀምራለህ፣ ለመሣሪያው ሥራ ግን ቴስተርና የሚያሠለጥንህ ባለሙያ ያስፈልግሃል። እስከዚያ ታጎቹ መሳቢያ ውስጥ ይቆዩ።