ፎርማት ከማድረግሽ በፊት

አራት ኪሎ አካባቢ ካለ አንድ ቢሮ የተላከ ጥያቄ ነው። ጠያቂያችን አዲስ የተቀጠረች ፕሮግራመር ናት፤ ሥራ የለቀቀ ሰው ይጠቀምበት የነበረ ኮምፒውተር ተሰጥቷታል። ኮዷን ወደ ጊትሃብ (ኮድ ኢንተርኔት ላይ ወደሚቀመጥበት አገልግሎት) ፑሽ ስታደርግ፣ ማለትም ስትልክ፣ 403 (ፈቃድ የለሽም) ይላታል። የመሥሪያ ቤቱን የግል ፓኬጅ (ዝግጁ የኮድ ጥቅል) ኤንፒኤም በሚባለው የፓኬጅ መጫኛ ልትጭን ስትል ደግሞ 404 (አልተገኘም)። ጊት (የኮድ ለውጦችን የሚመዘግበው ፕሮግራም) ላይ ስሟንና ኢሜይሏን ቀይራለች፣ ያው ነው። “ፎርማት ላስደርገው?” ትላለች።

እህቴ፣ እባክሽ ፎርማት አታስደርጊው። ኮምፒውተሩ ደህና ነው። ችግሩ ከጊትሃብ ጋር የሚነጋገረው አሁንም በቀድሞው ሰው ስም መሆኑ ነው።

የላክሽልኝን የ403 ስህተት መልእክት ደግመሽ አንብቢው። ፈቃድ መከልከሉን ከሚናገረው ቃል ቀጥሎ የተጠቃሚ ስም አለ። ያንቺ አይደለም። የተከለከለው እሱ ነው።

ጊት ላይ የቀየርሽው ስምና ኢሜይል ኮሚት (የተመዘገበ የኮድ ለውጥ) ላይ የሚያርፍ ፊርማ ብቻ ነው፤ ማንንም አያስገባም፣ ማንንም አያስወጣም። መግቢያውን የያዘው ዊንዶውስ ነው። መጀመሪያ ብራውዘሩ ላይ የእሱ ጊትሃብ ተከፍቶ ከሆነ ከአካውንቱ ውጪ፤ አለበለዚያ ዞሮ ዞሮ በእሱ ስም ያስገባሻል። ከዚያ ኮንትሮል ፓናል፣ ክሬደንሻል ማናጀር፣ ዊንዶውስ ክሬደንሻልስ። በጊት የሚጀምርና የጊትሃብ አድራሻ ያለበትን መዝገብ አጥፊው። አሁን ፑሽ አድርጊ። የመግቢያ መስኮት ሲመጣልሽ በራስሽ አካውንት ግቢ።

መስኮቱ ሳይመጣ ጥቁሩ ስክሪን ላይ ፓስወርድ ከጠየቀሽ፣ የአካውንትሽን ፓስወርድ ብትጽፊ አይቀበልሽም። ጊትሃብ ለጊት ሥራ ፓስወርድ መቀበል ያቆመው እ.ኤ.አ. ኦገስት 13 ቀን 2021 ነው። ከአካውንትሽ ሴቲንግ ቶክን አውጥተሽ በፓስወርዱ ቦታ ለጥፊው። ቶክኑን በቴሌግራም ለማንም እንዳትልኪ፤ ቶክን ማለት ቁልፍ ነው።

ስትገቢ ከፓስወርድ ሌላ የሚጠየቀው፣ ስልክሽ ላይ የሚወጣው ባለ 6 አኃዝ ኮድ አልሠራም ካለ የስልኩን ሰዓት እዪ። እኛ አገር ስልኩን በእጅ በሐበሻ ሰዓት የሚሞላ ብዙ ሰው አለ። ኮዱ የሚሰላው ከሰዓቱ ነው፣ በየ30 ሰከንዱ ይቀየራል፤ 6 ሰዓት ወደኋላ የቀረ ስልክ የሚሰጥሽ ኮድ ያለፈበት ነው። ሰዓቱን አውቶማቲክ አድርጊው። ኮምፒውተሩም ላይ እንዲሁ፤ ዓመቱ በእኛ አቆጣጠር ተሞልቶ ከሆነ ወይም የማዘርቦርዱ ባትሪ ሞቶ ቀኑ ወደኋላ ከሄደ፣ ስለ ሰርተፊኬት (የድረ ገጽ ማንነት ማረጋገጫ) የሚያማርር ስህተት ይመጣል። ያኔ “የሰርተፊኬት ማጣሪያውን አጥፊው” የሚል ምክር ብትሰሚ አትስሚ። ቀኑን አስተካክዪ፣ ባትሪውን ለውጪ።

ወደ ኤንፒኤም እንምጣ። 404 ስላለሽ ፓኬጁ የለም ማለት አይደለም። የግል ፓኬጅ ከሆነ፣ ፈቃድ ለሌለው ሰው መኖሩንም አይነግሩትም። መጀመሪያ በማን ስም እንደገባሽ የሚነግርሽን “ሁ አም አይ” (npm whoami) የሚለውን የኤንፒኤም ትእዛዝ ስጪ። ወይ የእሱን ስም ያወጣልሻል፣ ወይ 401 (ማንነትሽ አልተረጋገጠም) ይልሻል። ሁለቱም ቢሆን ምክንያቱ በዩዘር ፎልደርሽ ውስጥ ያለው፣ በነጥብ የሚጀምረው የኤንፒኤምአርሲ (.npmrc) ፋይል ነው። በኖትፓድ ክፈቺው፤ ኦውዝ ቶክን የሚል ረጅም መስመር ታገኛለሽ። እሱን አጥፍተሽ እንደ አዲስ ሎግ ኢን አድርጊ። በፕሮጀክቱ ፎልደር ውስጥም ተመሳሳይ ፋይል ሊኖር ይችላል፤ ሁለቱ ከተጋጩ የሚሠራው የፕሮጀክቱ ነው። እሱን ግን ሌሎችም ስለሚጠቀሙበት ሳታማክሪ አትንኪ።

ስምሽ በትክክል ወጥቶ አሁንም 404 ካለሽ፣ አንቺ ጋ የቀረ ሥራ የለም። ኃላፊሽ ፓኬጁ ላይ ፈቃድ ይስጥሽ። በዚያው የቀድሞው ባልደረባሽ ቶክኖች መሰረዛቸውን እንዲያረጋግጥ ንገሪው።